ቤተሰቤ የሠራው በር

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት ነው። ዛሬም መብራት ብልጭ ድርግም ባለ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል፤ በሩ እንደሚከፈት ሳላረጋግጥ አልቀመጥም።

የምንኖረው ኮተቤ ነው። ባለቤቴና ልጆቼ በስልክ የሚከፈት በር ካልሠራን ሞተን እንገኛለን ብለው ሳሎኔን ጋራዥ አደረጉት። ልጄ ማርታ ፕሮግራሙን ጻፈች፣ ወንድሟ ሽቦውን አገናኘ፣ አባትየው ደግሞ ሌባ እንዳይነካካው ብሎ በወፍራም ላሜራ አሸገው። እኔም አልቀረሁም፤ በሩ ሲከፈት «እንኳን ደህና መጡ! ይግቡ!» የሚለው የእኔ ድምፅ ነው።

ትርፍ ቁልፋችን ለዓመታት የሚቀመጠው ጎረቤታችን እትዬ ድንቄ ጋ፣ መቀነታቸው ላይ ተቋጥሮ ነበር። አሮጌው ቁልፍ ሲነቀል «ከእንግዲህ አያስፈልግም፣ ይጣሉት» አልናቸው። «እሺ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ግን ደጃችንን አልረገጡም።

በሩ መብራት ሲጠፋ የሚሠራበት ባትሪ ቅዳሜ ሊገጠምለት ነበር። ሐሙስ ከሰዓት ብቻዬን ሆኜ ወለሉን በበረኪና ሳጥብ መብራት ሄደ። ሽታው ሰነፈጠኝና አስሜ ተነሳ። መድኃኒቴን ብፈልግ የለም፤ ለካ ጠዋት በባለቤቴ መኪና ውስጥ ረስቼዋለሁ። ለመውጣት ከውስጥ ያለውን የበሩን መክፈቻ ተጫንኩ፤ ጸጥ። በቢላዋ ላሜራውን ብታገል ቢላዋው ተጣመመ። የባሌን ሥራ ጥንካሬ ያን ቀን አመንኩ! ስልክ ብሞክር ኔትወርኩም መብራቱን ተከትሎ ሄዷል። መስኮቱን ከፈትኩ፤ እሱም ብረት አለው። በገዛ ቤቴ ታስሬ ልሞት ነው ብዬ ፈራሁ።

«እትዬ ድንቄ!» ብዬ ባለ በሌለ ኃይሌ ጮህኩ።

እየሮጡ መጡ። በልማድ እጃቸውን ወደ መቀነታቸው ሰደዱ፤ ወዲያው ትዝ ሲላቸው መለሱት። ያቺን እጅ መቼም አልረሳትም።

«መድኃኒትሽስ?»

«መኪና ውስጥ…»

ያለቀውን የመድኃኒት ካርቶን በብረቱ መሃል ሰጠኋቸው። በዚያ ጭቃ እስከ ፋርማሲ ሄደው እስኪመለሱ ብረቱን ጨብጬ ትንፋሽ ለመንኩ። መጥተው በዚያው ቀዳዳ አቀበሉኝ። «ሳቢ! አታውሪ፣ ዝም ብለሽ ሳቢ!» አሉኝ።

ትንፋሼ ሲመለስ ዝናብ ጀመረ። «ቤትዎ ይግቡ እንጂ፣ በሰበሱ» አልኳቸው።

«አንቺን ታስረሽ ትቼ የት ልሂድ?» አሉና እጄን በብረቱ መሃል ያዙኝ። ስለ ቁልፉ አንዲት ቃል አልተናገሩም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

መብራት ሲመጣ ሮጬ መክፈቻውን ተጫንኩ። እትዬ ድንቄ በስብሰው ደጃፉ ላይ ቆመዋል፤ በሩ እየተከፈተ በእኔ ድምፅ «እንኳን ደህና መጡ! ይግቡ!» አላቸው።

«አሁን ገና ጠራሽኝ?» አሉ። አቅፌያቸው አለቀስኩ።

ባትሪው በማግስቱ ተገጠመ፤ ቅዳሜን ማን ይጠብቃል! እኔ ግን ቁልፍ ሠሪ ጠርቼ ተራ ቁልፍም አስገጠምኩበት። ልጆቼ በሠሩት በር እኮራለሁ፤ ለእንግዳም አሳያለሁ። ትርፉን ቁልፍ ግን በገዛ እጄ እትዬ ድንቄ መቀነት ላይ ቋጥሬዋለሁ። እንቅልፍ የሚወስደኝ እዚያ መሆኑን ሳውቅ ነው።