ሃያ ሁለት ስኒ ዱቄት

የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ በሟርት አላምንም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ቀጥሎ የማወራውን ሌላ ሰው ቢያወራኝ ኖሮ እስቅበት ስለነበር ነው።

ከባለቤቴ ጋር ከጎጃም መጥተን ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ቤት ስንከራይ፣ በሰፈሩ ሴት በወለደች ቁጥር ገንፎ የሚያገነፉ አንዲት ባልቴት ነበሩ። ሁሉም «አዮ» ይላቸዋል፣ በኦሮምኛ እናት እንደማለት ነው። ሚዛን አያውቁም፤ መስፈሪያቸው ጠርዟ የተሸረፈ ስኒ ናት። ለአንድ በላተኛ ሁለት ስኒ የገብስ ዱቄት፤ ለአንድ ስኒ ዱቄት ሁለት ስኒ ውሃ፤ ለአራት በላተኛ አንድ ስኒ ቅቤ። እኔ ጥምርታን ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ ለማስረዳት ስለፈልፍ እከርማለሁ፣ እሳቸው በስኒ ይጨርሱታል። በደረስኩባቸው አራስ ቤቶች ሁሉ ገንፎው ተርፎም ጎድሎም አያውቅም። የመጨረሻዋን ድርሻ ድስቱን ጠርገው ራሳቸው ይበሏታል።

ሰው ግን አይቆጥሩም። አንድ ቀን «ዛሬ ስንት ሰው ነው?» ብላቸው አፌን በእጃቸው ከደኑት።

«ነምኒ ሂን ለካአሙ፣ ኢንተላ ኮ። ሰው አይቆጠርም ልጄ። ዱቄት ቁጠሪ።»

እኔ ልወልድ ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ ዱቄቴን ሰፍረው በከረጢት አመጡና ማድ ቤት ሰቀሉልኝ። እሳቸው እንደሄዱ አመሌ አላስችል አለኝ። ከረጢቱን ስፈታው ስኒዋን ዱቄቱ ውስጥ ትተዋታል። በዚያችው ሰፈርኩት። ሃያ ሁለት። ለሁለት ሲካፈል አስራ አንድ ሰው። ለገንፎው የሚመጡት ሴት ጎረቤቶቼ አስር ናቸው፣ እኔ አስራ አንደኛ፣ አዮ አስራ ሁለተኛ። ደግሜ ሰፈርኩ፤ ያው ሃያ ሁለት።

የአንድ ሰው ድርሻ የለም። ጨቅላ ገንፎ አይበላም፣ ስለዚህ ልጄ አይደለም። አራሷስ? የመጀመሪያዬ ነው፣ እግሬ አብጧል፣ ነርሷም የደም ግፊቴን በለካች ቁጥር ፊቷ ይለዋወጣል። ፈራሁ። በጣም ፈራሁ።

ማምሻውን ተመልሰው መጡ። «አዮ፣ ዱቄቱ የአንድ ሰው ይጎድለዋል» አልኳቸው።

እጅጌዬ ላይ የቀረውን ዱቄት አዩ። «ቆጠርሽ?»

«ቆጠርኩ።»

«ኒ ገአ። ይበቃል» አሉና ዱቄቱን ከእጅጌዬ ቀስ ብለው አራገፉልኝ። ስኒዋን ስዘረጋላቸው አልተቀበሉኝም።

ባለቤቴ ሳቀብኝ። «ተሳስተው ይሆናላ! ሁለት ስኒ ጨምሪበትና ተገላገዪ» አለኝ። ዱቄት ገዛሁ፣ ከረጢቱንም ፈታሁ፣ ሳልጨምር ግን መልሼ አሰርኩት። ብጨምር የራሴን እጣ እለውጣለሁ ወይስ የሌላ ሰው? አንዲት የሒሳብ አስተማሪ ከረጢት ፊት ቆማ ስታመነታ ማየት ያስቃል። ከዚያ ወዲያ የማድ ቤቱን በር ዘግቼ፣ ከረጢቱ ከጀርባዬ ያለ እየመሰለኝ ማደር ጀመርኩ። የፈሩት ይደርሳል ሲሉም ሰምቻለሁ።

ምጤ መጣ፤ ሴት ልጅ ወለድኩ። ከሆስፒታል በወጣሁ በማግስቱ ጎረቤቶቼ ተሰብስበው መጡ። አዮ የሉም።

«አዮስ?» አልኩ።

«ጉንፋን ይዟቸው ነው፤ ሕፃኗ ላይ እንዳይጋባ ብለው ነው» አለች አንዷ ወደ መስኮቱ እያየች። የሁሉም ዓይን ቀልቷል። አራስ ሞት አይነገራትም፤ ይህ እኛም አገር ያለ ነው። ሁለተኛ አልጠየቅኩም።

ገንፎው ከዚያው ከረጢት ተገነፋ። ሲታደል በልቤ ቆጠርኩ። አስር ሳህን፣ ከዚያ አስራ አንደኛው በእኔ ጭን ላይ አረፈ። ድስቱ ባዶ ሆነ።

ለማንም ያልነገርኩት ይህን ነው። ኋላ ላይ አልቅሼላቸዋለሁ፣ ያቺም ስኒ ዛሬም እኔ ጋር ናት። ያን ሰዓት ግን የተሰማኝ ደስታ ነበር፤ የጎደልኩት እኔ አይደለሁም። ማንኪያዬን አነሳሁና እንደ እሳቸው ጠርጌ በላሁ።