መድፍ ያለበት መጫወቻ

ዱባይ የምትኖረው ታላቅ እህቴ «ልጆቹን ይዘሽ ነይ፣ ትንሽ አየር ይቀይሩ» ብላ ትኬት ስትልክልኝ፣ እኔን ያስፈራኝ ከፍኖተ ሰላም እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ያለው መንገድ ነበር። መኪናችን ለፍተሻ በቆመ ቁጥር የልጆቼን እጅ እስኪያማቸው ድረስ እጨብጥ ነበር። አውሮፕላኑ ሲነሳ «እሰይ፣ ከዚህ ወዲያ የሚያስፈራኝ ነገር የለም» አልኩ። ሞኝ ነኝ። ቡሬ የሚሠራው ባለቤቴ ፈቃድ ስለተከለከለ ከእኛ ጋር አልመጣም።

በሦስተኛው ቀን እህቴ ትልቅ የመጫወቻ ፓርክ ወሰደችን። የስድስት ዓመቷን ልጄን በእጄ ይዣለሁ፤ ዓመት ከመንፈቅ የሆነውን ወንዱን አዝያለሁ። እህቴ የሚገፋ የልጅ ጋሪ ተከራይታልኝ ነበር። «እታለም፣ ልጄን እንደ ድንች አልገፋም» ስላልኳት ባዶውን ጋሪ እሷው ስትገፋው ዋለች። ልጄ በሚሽከረከሩት ፈረሶች ላይ አራት ጊዜ ወጣች። እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ቆይቼ ነበርና እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ከምሳ በኋላ ሰው ወደ አንድ ሰው ሠራሽ ኩሬ ሲጎርፍ ተከተልነው። ኩሬው ላይ የእንጨት መርከብ ቆሟል፤ ፊት ለፊቱ ደረጃ በደረጃ የተሠራ መቀመጫ አለ። እህቴ «የባሕር ወንበዴዎች ናቸው፤ ይዘፍናሉ፣ ከገመድ ገመድ ይዘላሉ» አለችን። መድፍ እንዳላቸው አልነገረችንም። ከአገር ከወጣች አሥር ዓመት ያለፋት ሰው ይህን ልንገራቸው ብላ አታስብም። እኛም መቀመጫ ስላጣን ከጎን ቆመን ማየት ጀመርን።

መድፉ ሲጮኽ መሬት ላይ ተገኘሁ። እንዴት እንደወደቅሁ አላውቅም፤ በደረቴ ተኝቻለሁ፣ ሕፃኑ ጀርባዬ ላይ ይጮሃል፣ ጉልበቴ ተልጧል። አጠገቤ የነበሩት ሰዎች የትርኢቱ ተዋናይ መሰልኳቸው መሰለኝ ሳቁ፤ አንዷ እንዲያውም ፎቶ አነሳችኝ። ተነስቼ እጄን ሳየው ባዶ ነው። ልጄ የለችም።

መጀመሪያ ያየሁት ኩሬውን ነው። ውሃው ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ የወደቀ ነገር ቢኖርበት አይታይም። ስሟን ጠራሁ፤ እህቴም ጠራች። መልስ የለም። የፓርኩ ጠባቂ በእህቴ አስተርጓሚነት «ምን ለብሳለች?» ሲለኝ «ቀይ ሹራብ» አልኩት፤ ቀዩን ሹራብ የለበሰችው ከቤታችን ስንወጣ ነበር። ጠዋት እህቴ ቢጫ ቀሚስ እንዳለበሰቻት ትዝ እስኪለን ሰዎቹ ቀይ ሹራብ ሲፈልጉ ቆዩ። በራሴ ተናደድሁ፣ በእህቴ ተናደድሁ፣ ቀሚሱን በሰፋው ሰው ሳይቀር ተናደድሁ። በድምፅ ማጉያው ስሟ ሲጠራ ሰማሁ፤ ያ ሁሉ ሰው ግን አይስክሬሙን እየላሰ ያልፋል። አንዱ እጇን ይዞ በበሩ ቢያስወጣትስ? በማን ቋንቋ ትጮሃለች?

እህቴ «እንዴት ድምፃችንን እየሰማች ዝም ትላለች? ይቺ ልጅ እዚህ የለችም!» ብላ ስትጮህ ነው የገባኝ። ልጄ የማትመልሰው እኔ አትመልሺ ስላልኳት ነው።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ተኩስ በሰማንበት አንድ ቀን፣ ከግቢ ውጭ የአባቷን ድምፅ የሰማች መስሏት ወደ በሩ ሮጣ ነበር። አባቷ አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ትምህርት ሰጠኋት፤ መቼም አስተማሪ ነኝ። ተኩስ ሲጮኽ፣ ያገኘሽው ነገር ሥር ግቢ። ማንም ስምሽን ቢጠራ፣ እኔም ብሆን፣ አትመልሺ። መጥቼ መሬቱን ሦስት ጊዜ ስመታ ብቻ ውጪ። በከረሜላ እያባበልኩ ከአልጋው ሥር ደጋግሜ አለማመድኋት። እንደ እሷ ቶሎ የገባው ተማሪ አላጋጠመኝም።

መጥራቴን ተውሁ። ሕፃኑን እንዳዘልኩ በጉልበቴ ተንበርክኬ መሬት መምታት ጀመርሁ። አይስክሬም የሚሸጥበት ጋሪ ሥር ሦስት ጊዜ መታሁ። አግዳሚ ወንበሮቹ ሥር፣ ቁጥቋጦው ሥር፣ የቆሻሻ ገንዳው አጠገብ። ጠባቂው እህቴን «ምን ሆነች?» እያለ ይጠይቃታል። ከመቀመጫዎቹ ደረጃ ጀርባ ትልቅ ሰው የማያሾልክ ክፍተት አለ፤ እዚያም መታሁ። ጨለማው ውስጥ ቢጫ ነገር ተንቀሳቀሰ።

በሆዷ እየተሳበች ወጣች። ቀሚሷ አቧራ ለብሷል፣ ከንፈሯን እስኪደማ ነክሳዋለች፤ እንባ ግን የለም። አቀፍኋት፤ ልቧ ደረቴን ይደበድበዋል። ከላያችን ተመልካቹ ሁሉ ለወንበዴዎቹ ያጨበጭባል።

«እማዬ፣ ብዙ ሰው ሞተ?» አለችኝ።

«ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ ሕፃኑ ለምን ያለቅሳል?»

«እናትሽ አዝላው ወድቃ ነው» አልኳት።

እህቴ እያለቀሰች አጠገባችን ተንበረከከች። የልጄን ፊት በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች «የእኔ ዓለም፣ ይሄ እኮ ጨዋታ ነው። የውሸት ነው። ከእንግዲህ እንዲህ ሲጮኽ አትደበቂ፤ እንደ ሰዎቹ አጨብጭቢ፣ እሺ?» አለቻት።

ልጄ ወደ እኔ ዞረች።

«እማዬ፣ ከእንግዲህ አልደበቅም?»

እህቴ አዎ በያት በሚል ዓይን ታየኛለች። እኔም አዎ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። የመመለሻ ትኬታችን ግን ለሐሙስ ነው የተቆረጠው።

«ትደበቂያለሽ» አልኳት።