የጋሼ ኤርል ጓንት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ሐሜቴን፣ ጾም መሻሬን፣ ከእህቴ ጋር መኳረፌን ሁሉ እዘረዝርና እዚህች ላይ ስደርስ ምላሴ ይተሳሰራል። እናንተ ስሙኝ።

ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ እንደመጣሁ ፎረስት ሎን በሚባል ሰፈር ባለ የአረጋውያን መኖሪያ እሠራ ነበር። ከማጥባቸውና ከማለብሳቸው አንዱ ኤርል የሚባሉ ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። ጋሼ ኤርል እላቸዋለሁ፤ ትርጉሙን ከነገርኳቸው ወዲህ "ሚስተር" ብላቸው አይሰሙኝም። በወጣትነታቸው፣ ጥቁርና ነጭ አብሮ በማይጫወትበት ዘመን፣ ቤዝቦል ተጫዋች ነበሩ። ምግብ ቤት ስለማያስገቧቸው አውቶቡስ ውስጥ እየበሉ፣ እዚያው እያደሩ ከከተማ ከተማ ዞረዋል። በኋላ እዚህ ካናዳ፣ አልበርታ ክፍለ ሀገር መጥተው ለአንዲት ትንሽ ከተማ ቡድን ተጫወቱና በዚያው ቀሩ።

ከዚያ ሁሉ የተረፋቸው ኳስ ይቀልቡበት የነበረ አንድ የቆዳ ጓንት ነው። በየጠዋቱ ቫዝሊን ይቀቡታል። "የኛን ጨዋታ የሚጽፍልን አልነበረም፤ ምስክሬ ይሄ ነው" ይሉኛል።

እኔ ያንን ጓንት ጣልኩት። ኢንስፔክሽን አለ፣ ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ ተብሎ ክፍሉን ሳጸዳ ሽታው አስጠላኝና ቆሻሻ ውስጥ ከተትኩት። ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር? አሳምሬ አውቅ ነበር። አሮጌ ቆዳ ምን ያደርግላቸዋል ብዬ ናቅኩት።

በማግስቱ አልጋቸው ሥር ጎንበስ ብለው ሲፈልጉ አገኘኋቸው።

"ጓንቴን አይተሻል?"

ቆሻሻው ተወስዷል። ከሥራ እንዳልባረር ፈራሁ። ነገር እንደሚረሱም አውቃለሁ።

"የምን ጓንት፣ ጋሼ ኤርል? ጓንት ኖሮዎት አያውቅም።"

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። በየቀኑ ጠየቁኝ፤ በየቀኑ ያንኑ መለስኩ። እያደር ጥያቄያቸው ተለወጠ።

"ግን ተጫውቻለሁ አይደል?"

"እንጃ" አልኳቸው። ስንት ጊዜ የነገሩኝን ሰውዬ፣ እንጃ አልኳቸው።

ሐምሌ ላይ ልጃቸው ከኤድመንተን መጥታ ስለ ጨዋታው አነሳችባቸው። "እኔ? ኳስ ተጫውቼ አላውቅም" አሏት። ኮሪደር ላይ ትከሻዬን ተደግፋ አለቀሰች። "የመርሳት በሽታው አባቴን ወሰደብኝ" አለች። እኔም፣ እኔው ራሴ፣ ጀርባዋን እያሻሸሁ "አይዞሽ" አልኳት።

ክረምቱ ሳይወጣ አረፉ። ዛሬ ኤሪን ውድስ በምኖርበት ሰፈር ከቤቴ ጀርባ ልጆች ኳስ ሲመቱ በሰማሁ ቁጥር መስኮቱን እዘጋለሁ። ድምፁ ግን አይቀርልኝም።

ይቅርታ ልለምን ነበር የጀመርኩት። ማንን? እንግዲህ ያኔ ማለት የነበረብኝን ልበል።

ጋሼ ኤርል፣ ተጫውተዋል። ጓንትም ነበረዎት። የጣልኩት እኔ ነኝ።