በረዶ ማገጃ ለደቡቡ ግድግዳ

ድካም ሙያ ቢሆን ኖሮ ጋሽ ኪዳነ ዲግሪ ይገባቸው ነበር። ዳውንታውን ዴንቨር ባለ ስድስት ፎቅ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ሠርተዋል። ሰባቱን ወር ቲኬት ይቆርጣሉ። አምስቱን ወር በረዶ ይዝቃሉ፣ ጨው ይበትናሉ፣ የበተኑት ጨው ሥራውን ሳይጨርስ እንደገና ይዝቃሉ። «ይሄ አገር የቀጠረኝ ከሰማይ የወደቀውን ሁሉ እንዳነሣለት ነው» ይሉ ነበር። ያኔ ስድሳ ሁለት ዓመታቸው ነው። አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ ቁመታቸው ረጅም፣ ንግግራቸው አጭር ሰው ናቸው።

የቤተ ክርስቲያናችን የሕንፃ ኮሚቴ የበረዶ ነገር ሲያስጨንቀው ወደ እሳቸው መዞሩ አይገርምም። እኔ ሊዑል የዚያ ኮሚቴ ጸሐፊ ነበርኩ። ሥራዬ ኤርፖርት መንገደኛ ማመላለስ ነው፤ ጸሐፊ የሆንኩት እምቢ ማለት ስለማይሆንልኝ ብቻ ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን አውሮራ ውስጥ ከፒዮሪያ ስትሪት ገባ ብሎ የሚገኝ፣ ድሮ ምንጣፍ ይሸጥበት የነበረ ረጅም ቤት ነው። በፈረንጆቹ 2006 በጋ ላይ ከባድ ጠጠር በረዶ ወርዶ የድሮውን ጣራ ወንፊት አደረገው። ኢንሹራንስ ሲከፍለን አረንጓዴ ቆርቆሮ አለበስነው። አገር ቤት የምናውቀው ዓይነት ቆርቆሮ አይደለም። ሚስማር አይታይበትም፤ ቆርቆሮና ቆርቆሮ የሚገናኙበት ስፌት ከፍ ብሎ ቆሞ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ያምራል። ምእመኑ አንገቱ እስኪያመው እያንጋጠጠ ሲያደንቅ ከረመ።

ጥቅምት ላይ የመጀመሪያው በረዶ ጣለ። በማግስቱ ፀሐይ ወጣች። ጣራው ላይ የተኛው በረዶ እንዳለ፣ ሁሉም በአንዴ፣ ተንሸራቶ መጣና በሩ አጠገብ የነበረውን የጫማ መደርደሪያ ሰባበረው። እንደ እግዚአብሔር ቸርነት አዘቦት ቀን ስለነበረ ሰው አልነበረም። የኮሚቴው ሰብሳቢ ኢንጂነር ስለሺ ወዲያው ስብሰባ ጠራ። ስለሺ ኢንጂነርነቱ የኮምፒውተር ነው፤ ስለ ሕንፃም ሲናገር ግን ማንም ደፍሮ አያቋርጠውም።

ስኖው ጋርድ የሚባል ነገር እንዳለ የነገሩን ጋሽ ኪዳነ ናቸው። በረዶውን እዚያው ጣራው ላይ አግዶ ይዞ ቀስ በቀስ እንዲቀልጥ የሚያደርግ ማገጃ ነው። «እንግዲያው እርስዎ ይምረጡልን» ተባሉ። እሁድ ሥራ የሚገቡት ከቅዳሴ በኋላ ነው፤ ሙሉ ቀን የሚያርፉት ረቡዕ ብቻ ነበር። ሦስት ረቡዕ የጣራ ዕቃ መሸጫ ሲመላለሱ ዋሉና ሦስት ዓይነት ይዘው መጡ። አንደኛው በማጣበቂያ የሚለጠፍ ፕላስቲክ ነው። ሁለተኛው ቆርቆሮውን በስቶ በብሎን ይታሰራል። ሦስተኛው የቆመውን ስፌት ከግራና ከቀኝ ነክሶ የሚይዝ ክላምፕ ነው፤ ክላምፖቹን ዳር እስከ ዳር አንድ ረጅም ብረት ያያይዛቸዋል።

ሌላ ሰው ቢሆን ወረቀቱን አንብቦ ይመርጥ ነበር። እሳቸው ከጣራው የተረፈ ቁራጭ ቆርቆሮ ወስደው፣ ፕላስቲኩን ለጥፈውበት፣ የመኪና ማቆሚያው ስድስተኛ ፎቅ ላይ ለብርድና ለፀሐይ ሰጡት። በሁለተኛው ሳምንት በጫማቸው ጫፍ ነካ ቢያደርጉት ተላቀቀ። ያንኑ የተላቀቀ ፕላስቲክ በፌስታል ይዘው ስብሰባ መጡ።

«ይሄ በሙቀት ጊዜ ካልተለጠፈ አይዝም» አሉ።

«ታዲያ ሁለተኛውን እንምታና እንገላገል» አለ ስለሺ። «አገር ቤት ቆርቆሮ ያለ ሚስማር ቆሞ ያውቃል እንዴ?»

«ይሄ ቆርቆሮ ቀን ይለጠጣል፣ ማታ ይሰበሰባል። ቸንክረህ ከያዝከው ቀዳዳው እየሰፋ ሄዶ ውሃው መቅደስ ይገባል። ክላምፑ አይበሳም፤ ይነክሳል እንጂ።»

እዚህ ላይ ሁላችንም ተስማማን። ክላምፑ ተመረጠ። ጭቅጭቁ የመጣው የት ይደረግ ሲባል ነው። ስለሺ «ሰው በሚገባበትና በሚወጣበት፣ በሁለቱ በሮች ላይ ይበቃል» አለ። ጋሽ ኪዳነ «የደቡቡ ግድግዳም ከጫፍ እስከ ጫፍ ያስፈልገዋል» አሉ። «አርባ አምስት ስፌት አለ። በእያንዳንዱ አንዳንድ።»

የደቡቡ ግድግዳ የደጅ ሰዎች ግድግዳ ነው። እህል የቀመሰ ሰው፣ ሰውነቴ አልነጻም ያለ ሰው፣ ቅዳሴ ላይ ወደ ውስጥ አይገባም፤ ውጭ ግድግዳውን ተሳልሞ፣ እዚያው ተጠግቶ ያስቀድሳል። ሴቶቹ በደቡብ በኩል ይቆማሉ። ወግ ስለሆነም ነው፣ ፀሐይዋም በዚያ በኩል ስለሆነች ነው። እነሱን የምታሞቃቸው ፀሐይ ደግሞ ከራሳቸው በላይ ያለውን በረዶ ቀድማ ታላቅቀዋለች።

ከነዚያ ሴቶች አንዷ የጋሽ ኪዳነ ባለቤት እትዬ እታለም ናቸው። ዛሬ አገር ስላወቀው ልናገረው፤ ስኳር አለባቸው። ጠዋት መድኃኒታቸውን ወስደው አንድ ነገር ካልቀመሱ ይወድቃሉ። ቄሱ «ለበሽተኛ ተፈቅዷል፣ ይግቡ» ብለዋቸዋል። እሳቸው ግን «መፈቀዱስ ይፈቀዳል፣ እኔ ግን እህል ቀምሼ አልደፍርም» ብለው ዘጠኝ ዓመት ደጅ ቆመዋል። ይህንን ለማንም እንዳይናገሩ ባላቸውን በመስቀል አስምለዋቸዋል። እኛ በሽታን የምንደብቀው የሰው ዕቃ የሰረቅን ይመስል ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እየተባለ ያደግን ሰዎች፣ መድኃኒቱን ራሱን እንደብቀዋለን።

«ጋሽ ኪዳነ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለ ስለሺ፣ «ውጭ የሚቆመው ወሬኛ ነው። በሩ ክፍት ነው፣ ይግባ! መግባት ለማይፈልግ ሰው ብለን ያንን የመሰለ ጣራ ጥርስ እናብቅልበት? ለመሆኑ ማነው እዚያ የሚቆመው? እስቲ ስም ይጥሩልኝ።»

ጋሽ ኪዳነ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ መልሰው ዘጉት። ፌስታሉን ጭናቸው ላይ አጠፍ ዘርጋ ያደርጉት ጀመር።

«ሰው» አሉ በመጨረሻ። «ሰው ይቆማል።»

«በሮቹ ብቻ የሚል እጁን ያውጣ» ተባለ። አምስት እጅ ወጣ። አንዱ የእኔ ነበር። ቃለ ጉባኤውንም በእኔው ቆንጆ የእጅ ጽሑፍ ጻፍኩት። ስንወጣ ጋሽ ኪዳነ መኪናቸው ውስጥ ገብተው ሞተሩን ሳያስነሡ ብዙ ቆዩ። መስኮቱን አንኳኩቼ ምን ሆኑ ብላቸው «ደክሞኝ ነው» አሉኝ። በሚቀጥለው ረቡዕ መሰላል ይዘው መጥተው በሁለቱ በሮች ላይ ክላምፖቹን ራሳቸው አሰሩ። ጥሩ አድርገው ነው ያሰሩት።

ከፈረንጆቹ ገና በፊት ባለው ረቡዕ ያ የማይረሳው በረዶ ጀመረ። መኪና እስኪሰወር ጣለ። ኤርፖርቱ ተዘጋ፣ እኔ ቤቴ ተኛሁ። ጋሽ ኪዳነ እረፍታቸው ቢሆንም ተጠርተው ሄዱና እዚያው ቀሩ። ሲዝቁ ይውላሉ፣ ቲኬት መቁረጫዋ ክፍል ውስጥ ወንበር ላይ ያሸልባሉ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደወሉልኝ። ድምፃቸው ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስል ነበር።

«ሊዑል፣ የደቡቡን ግድግዳ በገመድ እጠረው። እታለም እኔ ብነግራት እሺ አትለኝም። እባክህ።»

ሄጄ አጠርኩት፣ ቢጫ ቴፕ ነው የወጠርኩት። እሁድ ጠዋት ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይዋ ዓይን ትወጋ ነበር። እናቶች አንድ በአንድ መጡ፣ ቴፑን በአክብሮት ከፍ አደረጉ፣ ጎንበስ ብለው አለፉ፣ ግድግዳውን ተሳለሙ። እንዴት አድርገው ይተዉት? የዘጠኝ ዓመት መሳለሚያቸው ነው። እኔ ይህን አይቻለሁ። ቅዳሴው ሊገባ ነው ብዬ ትቻቸው ገባሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የነገረችን ከእትዬ እታለም ጎን ቆማ የነበረችው ፀዳል ናት። ረፋዱ ላይ ጋሽ ኪዳነ የሥራ ሰደርያቸውን እንደለበሱ፣ ከዳውንታውን በቀጥታ፣ አራት ቀን ያልተኛ ፊት ይዘው ደረሱ። ጣራውን ቀና ብለው አዩት። የበረዶው ጫፍ ከክፈፉ አልፎ ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ ነበር። «እታለም! ውጪ ከዚያ!» ብለው ጮኹ። እትዬ እታለም ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው ይጸልዩ ነበርና አልሰሙም። ጣራው ሲያጉረመርም ጋሽ ኪዳነ መሮጥ ጀመሩ። አራት ቀን በረዶ የዛቀ የስድሳ ሁለት ዓመት ሰው ምን ያህል ይሮጣል? ግን ደረሱ። ባለቤታቸውን ከግድግዳው ጋር አጣብቀው በላያቸው ላይ ሆኑ።

ውስጥ የነበርነው የሰማነው አሸዋ የጫነ መኪና ሲገለብጥ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ነው። ሕንፃው ተንቀጠቀጠ። ተሯሩጠን ወጣን። በበሩ በኩል አንዲት ቅንጣት በረዶ አልወደቀችም፤ በሩ ላይ ያለው ክላምፕ ግዴታውን ተወጥቷል። በደቡብ በኩል ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ እስከ ወገብ የሚደርስ ክምር ነበር። ሌሎቹ ሴቶች በጩኸቱ ሸሽተው ተርፈዋል። በእጃችንም በነጠላችንም ቆፈርን። እትዬ እታለም ምንም ሳይሆኑ ወጡ። የጋሽ ኪዳነ ቀኝ ትከሻ ተሰብሯል። አላቃሰቱም። በረዶው ላይ ተቀምጠው፣ ዕቃ ከባድ ሆኖበት እንዳስቀመጠ ሰው፣ ያንን ክንዳቸውን በግራ እጃቸው ያዙት።

ስለሺ ደንግጧል። የደነገጠ ሰው ደግሞ ይቆጣል። «እትዬ እታለም፣ ለምን አይገቡም? በሩ ክፍት አይደለም እንዴ? ለምን?» አለ።

እትዬ እታለም ነጠላቸውን አራገፉ። መጀመሪያ ባላቸውን አዩ፣ ከዚያ እሱን።

«እህል ቀምሻለሁ ልጄ። ስኳር አለብኝ። ጠዋት ካልበላሁ እወድቃለሁ። እሱ እንዳይናገር ያስማልኩት እኔ ነኝ፤ ትከሻውን የሰበርኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ፀዳል መሬት መሬት እያየች «እኔም አለብኝ» አለች። ሌላ አንዲት ሴትዮም ከኋላ «እኔም» አሉ። ስለሺ ጎንበስ ብሎ የጋሽ ኪዳነን ጉልበት ሳመ። እኔ አምቡላንስ ልጥራ ብዬ ወደ መኪናዬ ሄድኩ፤ ስልኬ ግን ኪሴ ውስጥ ነበር።

ሚያዝያ ላይ የቀሩት ክላምፖች መጡ። በዚህኛው ስብሰባ ማንም አልተከራከረም፤ ስለሺ ራሱ ነው ያዘዛቸው። የጋሽ ኪዳነ ክንድ ከዚያ ወዲህ ከደረታቸው በላይ አይወጣም። ስለዚህ እኔ መሰላሉ ላይ ወጣሁ፣ እሳቸው ከታች በግራ እጃቸው መሰላሉን ይዘው ክላምፕ ያቀብሉኛል፣ ያዝዙኛል። «ስፌቱን እስከ ሥሩ ይንከሰው። ብሎኑን አጥብቀው፣ ግን አታድቅቀው። አንድም ስፌት እንዳትዘል፤ የዘለልከው ሸክሙን ለጎረቤቱ ነው የሚሰጠው።»

አሥራ አምስተኛው ስፌት ላይ ስደርስ አላስችል አለኝ። ፊታቸውን አለማየቴ ረዳኝ መሰለኝ።

«ጋሽ ኪዳነ» አልኩ ቆርቆሮውን እያየሁ፣ «እኔም ስኳር አለብኝ። ስድስት ዓመቴ ነው። ለሰው ተናግሬ አላውቅም።»

«አውቃለሁ» አሉ።

«እንዴት አወቁ?»

«የመኪና ማቆሚያ ነው የምሠራው። ሰው መኪናው ውስጥ ሆኖ ማንም የማያየው ይመስለዋል። እሁድ እሁድ ከመግባትህ በፊት ክኒንህን ትውጣለህ፣ ሙዝህን ትበላለህ፣ አፍህን ትጠርጋለህ። ከዚያ ትገባለህ።» ቁጣ የለባቸውም። ቢቆጡኝ በስንት ጣዕሙ። «ያን ቀን፣ ስም ጥራ ሲሉኝ፣ አንተን ነበር የማየው። እኔ በመስቀል ተይዣለሁ፤ እሱ ይናገራል አልኩ። እጅህን ስታነሣ ልትናገር መስሎኝ ነበር።»

ከመሰላሉ ሥር አንድ ክላምፕ ወደ ላይ ተዘረጋልኝ፤ ክንዳቸው ስለማይደርስ ጎንበስ ብዬ ተቀበልኩ።

«በል እሰር» አሉ ጋሽ ኪዳነ። «ሠላሳ ይቀረናል፣ እኔም ደክሞኛል።»