የጋሽ ሣህሉን ጭንቅላት ወደ ወረቀት ለመገልበጥ የተደረገ ሙከራ

ድሬ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ ያለው የሙመድ መለዋወጫ ሱቅ ከወለል እስከ ጣሪያ የፔጆ ዕቃ ተከምሮበታል። የከተማው አሮጌ ፔጆዎች ሁሉ አንድ ቀን ተስማምተው ቢፈራርሱ፣ እዚህ ገብተው እንደ አዲስ ተወልደው ይወጣሉ። ዝርዝር ግን የለም። መዝገብም የለም። የትኛው ብሎን የትኛው ጣሳ ውስጥ እንዳለ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ የሆነው የዕቃ ቤቱ ኃላፊ፣ ጋሽ ሣህሉ።

ዊዳድ የታዘዘችው ይህንን ጭንቅላት ወረቀት ላይ እንድትገለብጥ ነው። በማታ የምትማርበት ኮሌጅ «የሲስተም ትንተናና ዲዛይን» የሚሉት ትምህርት አለ፤ አንድ ጊዜ ወድቃበታለች፤ ዳግም ከወደቀች ትሰናበታለች። መምህሯ ኃይለየሱስ «አንድ ሱቅ ሂጂ፤ ጠይቂ፣ መጠይቅ በትኚ፣ ቁጭ ብለሽ ታዘቢ። ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ጽፈሽ ሐሙስ አምጪ» ብሏታል። ጋሽ ሣህሉ የግቢ ጎረቤቷ ስለሆነ ነገሩ የግማሽ ቀን ሥራ መሰላት። ምስኪን!

ሰኞ ጠዋት በቃለ መጠይቅ ጀመረች። ተጠያቂን አክብሪ ተብላለችና፣

«ጋሽ ሣህሉ፣ እርስዎ አዲስ ዕቃ ሲገባ መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ?» አለች።

ሰውየው መነጽሩን አወለቀ። «እርስዎ? ምን አደረግኩሽ አቦ! እስከ ትናንት አንተ ስትዪኝ አልነበር? ሊሞት ነው ብሎ ሐኪም የነገረሽ ነገር አለ እንዴ?»

«እሺ፣ አንተ። ዕቃ ሲገባ ምን ታደርጋለህ?»

«አስቀምጣለሁ።»

«የት?»

«ቦታው ላይ።»

«ቦታው የት ነው?»

«የሚቀመጥበት ነዋ! ወላሂ ይቺን ልጅ ትምህርት ጎዳት። በይ ከሰዓት ነይ፤ በደረቅ አፍ ምን ይወራል?»

ከሰዓት ሄደች። ከተማዋ ለፀሐይዋ እጇን ሰጥታ በሯን ዘግታለች። ጋሽ ሣህሉ ፍራሽ ላይ ጋደም ብሎ፣ ጉንጩ በጫት ተወጥሮ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተናገረ። ሱቁ ቢዮ አዋሌ ገጠር ላይ ቅርንጫፍ እንደሚከፍት፣ ዕቃው በአየር እየበረረ እንደሚታደል፣ ጂቡቲም ትምህርት ልትወስድ እንደምትመጣ በዝርዝር አስረዳ። ዊዳድ ሃያ ሰባት ገጽ ጻፈች፤ ጣቷ አበጠ። ማክሰኞ ጠዋት ልታረጋግጥ ብትመለስ፣ «የምርቃና ወሬ በማግስቱ ይጠየቃል እንዴ? የድሬ ልጅ አይደለሽም?» ብሎ አሳፈራት።

ተስፋ ሳትቆርጥ ለሱቁ ስድስት ሠራተኞች መጠይቅ በተነች። በአሥር ደቂቃ ተሞልቶ ተመለሰላት። «በሥራዎ ላይ የሚያጋጥምዎት ችግር ምንድን ነው?» ለሚለው ስድስቱም «አልሐምዱሊላህ፣ ምንም» ብለዋል። የእጅ ጽሑፉ አንድ ነው። እንዳትጉላላ አዝነውላት፣ ዮኒስ የሚባለው ሻጭ ለሁሉም ሞልቶላቸዋል።

ረቡዕ ምልከታ ሆነ። ጥግ ላይ በርጩማ ስባ ተቀመጠችና «እኔን እንደሌለሁ ቁጠሩኝ፤ ሥራችሁን ሥሩ» አለች።

እንግዳን እንደሌለ መቁጠር! መጋላ ውስጥ! ሱቁ በአንድ ጊዜ ሥራ አቆመ። አንዱ ለስላሳ ሊያመጣ ሮጠ፤ አንዱ ሳምቡሳ፤ ሌላው የሙመድን ማራገቢያ ነቅሎ ወደ እሷ አዞረ። የፍሬን ሸራ ፈልጎ የመጣውን ባለታክሲ ዮኒስ ከበር ላይ መለሰው፤ «እንግዳ አለብን፣ ነገ ና!» ዊዳድ ደብተሯን ከፍታ «ምልከታ፦ ሳምቡሳ፣ አራት» ብላ ጻፈች። ሌላ የታየ ነገር አልነበረም።

ሱቁ ሊዘጋ ሲል እንባዋ መጣ። ጋሽ ሣህሉ አጠገቧ ጣሳ ገልብጦ ተቀመጠ።

«ነገ ባዶ እጄን ከሄድኩ ያባርሩኛል ጋሼ። ለምንድን ነው የማትነግረኝ?»

ቀልዱ ሁሉ ከፊቱ ላይ ወረደ።

«ሙመድ አርጅተሃል፣ አረፍ በል ካለኝ ሁለት ዓመቱ። ለምን ያላሰናበተኝ ይመስልሻል? ዕቃው የት እንዳለ ስለማያውቅ ነው። ጭንቅላቴን ገልብጠሽ ከወሰድሽው፣ አንገቴን ማን ይቀልበዋል?»

እንባዋን አየና ተነፈሰ። «በይ ጻፊ እንግዲህ። ካርቡራተር በስተግራ፣ ሦስተኛው መደርደሪያ፣ ከአሮጌው የዘይት በርሜል ጀርባ…»

በደረቅ አፉ ነበር የሚናገረው። በሦስት ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ሰማች። እስክሪብቶው እጇ ላይ ነበር፤ አልተንቀሳቀሰም። እሱ እስከ መጨረሻው መደርደሪያ ድረስ ነገራት፤ እሷ እስከ መጨረሻው አንገቷን ነቀነቀች።

ሐሙስ ማታ ኃይለየሱስ ያመጣችለትን አንዲት ገጽ ገለበጠ፤ ከጀርባዋ ሌላ ነገር ካለ ብሎ አየ፤ መልሶ ገለበጣት። ገጿ የምትለው ይህን ብቻ ነው፦ «ዕቃው የት እንዳለ፦ ጋሽ ሣህሉ ይጠየቅ።»

«ሰውየው አንድ ቀን ቢቀርስ?»

«ሱቁ አይከፈትም፣ መምህር።»

«አንቺስ ምን ትሆኛለሽ?»

ዊዳድ ጠረጴዛውን አየች። ለዚህኛው ጥያቄ በቃለ መጠይቅም በመጠይቅም የተሰበሰበ መልስ አልነበራትም። መምህሩ የቀይ እስክሪብቶውን ክዳን ቀስ ብሎ ነቀለ።