አልደረብ ያለው መንጋጋ
ልደታ ያለ አንድ ጥርስ ሐኪም ሰው ሠራሽ ጥርስ ሊተክልልኝ ሲቲ ስካን አስነሳኝ። በሳምንቱ ደግሞ እስክሪብቶ የምታህል ካሜራ አፌ ውስጥ እያዞረ ጥርሶቼን ቀረጸ። ሁለቱን ምስል ኮምፒውተር ላይ ደርቦ የሰው ሠራሹ ጥርስ ማሰሪያ ብሎን የሚገባበትን ቦታ ሊያሳየኝ ነበር። አልደረብ አሉት፤ በመጀመሪያው ያለች መንጋጋ ጥርስ በሁለተኛው የለችም። አንዴ ያሽከረክራል፣ አንዴ ያጎላል፣ ላብ በላብ ሆነ።

«ሲነሱ ተነቃንቀዋል!» ብሎ ተቆጣኝ፣ የልጄ እኩያ። «ማሽን እንደሆነ አይሳሳትም።»

ያቺን ጥርስ በሁለቱ ምስሎች መሃል የነቀላት ራሱ ነው። በጥጥ ጠቅልሎ የሰጠኝ ዕለት ኮት ኪሴ እንደገባች አልወጣችም ነበር። አውጥቼ ኪቦርዱ ላይ አስቀመጥኩለት።

«እንግዲያው ይቺን ይደርቡበት፣ ዶክተር።»