ከዘፈኑ በኋላ የነበረው

ያስታወሰኝ ሳሌ ነው። ባለፈው እሑድ አገር ቤት ላለችው እህቴ የድምፅ መልእክት ስቀዳ መሃል ላይ ሳል ያዘኝ። ልጄ ስልኩን ተቀብላ «ዳዲ፣ ሳሉን ከት ላድርገው?» አለችኝ። ተይው አልኳት። ምክንያቱን አልነገርኳትም፤ ደክሞኝ ነበር። ላንተ ልንገርህ።

ዴንቨር በመጣሁ በሦስተኛው ዓመት፣ አጠገቧ ባለችው ግሌንዴል ተከራይቼ ስኖር፣ የስኮትላንድን የጥንት ዘፈኖች የሚሰበስብ ማኅበር ውስጥ ሥራ አገኘሁ። አባላቱ ጥቂት አዛውንቶች ነበሩ። ዘፈኖቹን ከአያቶቻቸው ከተማሩ ሰዎች ቤት ለቤት ዞረው በካሴት ቀድተው፣ ማን እንደዘፈነው፣ ከማን እንደሰማው ይጽፋሉ። ቅዳሜ ከሰዓት የሚሰበሰቡበት አዳራሽ እርጥብ ሱፍና አሮጌ ወረቀት ይሸታል። በምዕራቡ መስኮት የሚገባው ፀሐይ የካሴቶቹን አቧራ ያሳያል። ካሴቶቹን ወደ ኮምፒውተር የማስገባው እኔ ነበርኩ። ኮምፒውተር ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ኦሮራ ከተማ ላይብረሪ ተቀምጬ ራሴን አስተማርኩ።

የማኅበሩ ጸሐፊ ባለቤታቸው የሞቱባቸው አሮጊት ነበሩ። አንድም ነገር ሳትቆርጥ አስገባ ብለውኝ ነበር። ሰምቻለሁ፤ ግን ከእሳቸው የበለጠ የማውቅ መሰለኝ። ራሱን ያስተማረ ሰው ክፉ ልማድ አለው፤ የሚያርመው ስለሌለ ልክ የሆነ ይመስለዋል። ሳሉን፣ የውሻውን ጩኸት፣ የወንበሩን ሲጥታ ቆርጬ እያወጣሁ ዘፈኑን ብቻ አስቀረሁ። ካሴቶቹንም ቦታ ያዙ ብዬ ጣልኳቸው። አንዱ ሽማግሌ ይህን ሳያውቁ የጠረጴዛውን መጽዳት አይተው «እኛንም እንዳትጥለን» ብለው አሳቁን።

አንድ ቅዳሜ ጸሐፊዋ የባለቤታቸውን ዘፈን አሰማኝ አሉኝ። ስለ ዓሣ አጥማጆች የሚተርክ ረጅም ዘፈን ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት። ሲያልቅም አልገለጡም።

«ከዚህ በኋላ እኮ ይስቃል» አሉኝ። «ከዚያ ‹ሻይ አለ?› ይለኛል።»

ቆርጬዋለሁ።

«ካሴቱ ተበላሽቶ ነበር» አልኳቸው።

«አንተ ምን ታደርግ» ብለው ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

ልጆቼን በውሸት ምክንያት ስንት ጊዜ ተቆጥቻለሁ፤ ይህን ግን ነግሬያቸው አላውቅም። ሳምንቱን ሙሉ ያ እጅ ትከሻዬ ላይ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌሎቹ ሳይመጡ ሄጄ እውነቱን ነገርኳቸው። ከወንበራቸው ተነሡ። ከዚያ መቅጃውን አምጥተው ፊቴ አስቀመጡት። በማኅበሩ ደንብ፣ በአንድ ዘፈን ላይ የደረሰው ሁሉ ከዘፈኑ ጋር ይመዘገባል።

«ያልከውን ድገመው» አሉኝ።

እየተንተባተብኩና እየሳልኩ ደገምኩት። ስጨርስ መቅጃውን ላጠፋ እጄን ብዘረጋ እጄን ያዙኝ።

ጸሐፊዋ ካረፉ ቆይተዋል። ማኅበሩም ሰው አልቆበት ተዘግቷል። ያን ቃሌን ከዘፈኑ ጋር ያያያዝኩበት ቅጂ ግን እኔ ዘንድ አለ። ሰኞ ጠዋት አሁን ከምኖርበት ከሞንትቤሎ ተነስቼ የምሠራበት ሆስፒታል ጋ መኪናዬን ፓርክ ካደረግኩ በኋላ፣ ሥራ ሳልገባ ከፈትኩት። ዘፈኑ ያልቃል። የሳቁ ቦታ ላይ የእኔ የወጣትነት ድምፅ ይመጣል፣ ከነሳሉ። ረጅም ዝምታ ይከተላል። ወንበር ሲጥ ይላል፤ ከዚያ እሳቸው በደከመ ድምፅ «ሻይ ትጠጣለህ?» ይሉኛል።

መልሴ ቅጂው ላይ የለም። በእሺታ ራሴን ነበር የነቀነቅኩት።